በሕግ አምላክ ያልቆመው ወራጅ ውኃ

ለዘንድሮው ጊፋታ ወደ ሶዶ የወረድኩት ለእናቴ ቤትና ለበዓሉ ሥጋ ስል እንጂ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ልሟገት አልነበረም። ይሁንና የእህቴ ልጅ የሕግ ትምህርቱን ወደ ማገባደዱ ስለ ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ላይ ነው። በበዓሉ ማግሥት፣ እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገና፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ፖሊስ የሌለው ሕግ ሕግ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፍ ሕግ የተማረ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀው፣ ከዚያም ፈተናውን አልፎ የሚረሳው ጥያቄ ነው። እኔም የተለመደውን መልስ ሰጠሁት። መንግሥታት ብዙውን ጊዜ ሕጉን የሚያከብሩት ስለሚጠቅማቸው፣ ስለሚተዛዘቡ፣ ነገም ተመልሰው ስለሚገናኙ ነው አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ እንዳላመነኝ ግን ፊቱ ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አላሳመንኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕለት በቅጡ ያልመለስኩትን ለመመለስ ነው።

አማርኛ ስለ ፖሊስ አልባ ሕግ የራሱ ብሂል አለው። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላል። የድሮዎቹ ተሟጋቾች ነጠላቸውን ተቋጥረው፣ ያለ አጃቢ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር አባቶች ይነግሩናል። በሕግ አምላክ ተብሎ ጥሎ የሄደ ሰው የሚያጣው ክርክሩን ብቻ አልነበረም፤ በሰው ፊት የሚቆምበትን ፊት ጭምር ነበር። ብሂሉ ያማረ ነው። ችግሩ፣ እኔ የተወለድኩት ወራጅ ውኃ በእውነት ከቆመበት አገር መሆኑ ነው፤ ያቆመው ደግሞ የሕግ አምላክ አልነበረም።

ወላይታን ከዳውሮ የሚለየው የኦሞ ወንዝ ነው። በልጅነታችን ኦሞ የአዞና የወባ ስም ነበር፤ ከደጋው ሆነው ቁልቁል የሚያዩት፣ ሞቃት፣ ሩቅና የሚያስፈራ ሸለቆ። በ1998 ዓ.ም. በዚያ ሸለቆ ውስጥ የጊቤ 3 ግድብ ሥራ ተጀመረ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ወንዙን ዘግቶ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የሚዘልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያም ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ ዕለት ደስ ያለኝን ያህል በሌላ የመንግሥት ምረቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የሚከተለውን ሁሉ ከግድብ ጠላት አፍ እንደ ወጣ እንዳይቆጥርብኝ ነው። በወላይታ መሬት ጠብቧል፤ የሰዉ ብዛት ከአገሪቱ ከፍተኞቹ አንዱ ነው፤ በ1977 ረሃብ የተቀበሩትን የሚያስታውሱ ሰዎች በሰፈራችን ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለ አገር ኃይል አያስፈልገውም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አንግባባም።

የግድቡ ኃይል ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሶዶ ይደርሳል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚያየው አገር፣ ለዐይን እንግዳ የሆነ ሰፊ የኃይል መለወጫ ጣቢያ ቆሟል። ከዚህ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደቡቡን አቋርጦ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ በተባለ ስፍራ ይወርዳል። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ለኬንያ የሚደረገው ሽያጭ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ውሉ የ25 ዓመት ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ይላል።

ስለዚህ መስመር አንድ የምሕንድስና ነገር ማወቅ ይገባል። በውስጡ የሚያልፈው በየቤታችን እንደምናውቀው ተለዋዋጭ ሳይሆን ቀጥተኛ ኃይል ነው። ረጅም መንገድ ሲጓዝ ብዙ ሳይባክን ይደርሳል፤ ግን በመንገዱ መካከል አይጠለፍም። ሁለት ጫፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሶዶና ሱስዋ። ከምሰሶዎቹ ሥር በኩራዝና በባትሪ መብራት የሚያመሽ ገበሬ ቀና ብሎ ያየው ይሆናል እንጂ ከእርሱ አንዲት አምፖል አያበራም፤ በመካከሉ ሌላ መለወጫ ጣቢያ መትከል የከተማ በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ። እኔ ግን ዓለም አቀፍ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ከመጻሕፍት ይልቅ ይህ መስመር ያስተማረኝ ይመስለኛል። ሕጉም የሚነሣው ከመንግሥት ነው፤ የሚወርደው ሌላ መንግሥት ላይ ነው። ከሥሩ ያለ ሕዝብ የሽቦውን ድምፅ ይሰማል።

ነገሩን ከመነሻው ላውራው። ኦሞ የሚፈስሰው ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከሰሜን ጫፉ በቀር የኬንያ ነው፤ ከሚገባለት ውኃ አብዛኛው፣ ከመቶ ሰማንያ እስከ ዘጠና የሚሆነው፣ የእኛ ኦሞ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት የኬንያ ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የዓለም ቅርስ ስምምነት ደግሞ አንድ አባል አገር በሌላው አባል አገር ግዛት ያለን ቅርስ የሚጎዳ እርምጃ ላለመውሰድ ቃል የሚገባበት አንቀጽ አለው፤ አንቀጽ 6 ንኡስ አንቀጽ 3። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በስምምነቱም ተጠቅማበታለች፤ ላሊበላም፣ አክሱምም፣ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ራሱም በዚያው መዝገብ ላይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ኢትዮጵያ የጊቤ 3ን ግንባታ ባስቸኳይ እንድታቆም ጠየቀ። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ በዚያ ወቅት ራሷ ከኮሚቴው ሃያ አንድ አባላት አንዷ ነበረች። «በሕግ አምላክ» የተባለችው በአደባባይ፣ በራሷ ሸንጎ ውስጥ ነው። ግንባታው ግን አንድ ቀን አልቆመም። መንግሥታችን የሰጠው መልስ ባጭሩ ግድቡ ወንዙን አያደርቀውም፣ ፍሰቱን ያስተካክለዋል የሚል ነበር። መልሱ ፍጹም ባዶ አልነበረም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ የማይዘነጋ ሰው ጎርፍን መግታት ቀላል ነገር ነው አይልም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ኮሚቴው ማናማ ላይ ተሰብስቦ የቱርካናን ፓርኮች አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ግድቡ በዚያን ጊዜ ተመርቆ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

እስካሁን የተነገረው የእህቴን ልጅ ጥርጣሬ የሚያጠናክር ይመስላል። እርሱም እንዲሁ አለኝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሕጉ አለመሰማቱ አይደለም፤ ሕጉን የሚጠራው ሰው ማን እንደ ነበረ ነው። በአገሮች መካከል በሚሆን ሙግት ከሳሽ የሚሆነው መንግሥት ነው። ሐይቁ የኬንያ ነው። ስለዚህ ጩኸቱን ማሰማት የነበረባት ኬንያ ናት። ኬንያ ደግሞ ከመነሻው ከጊቤ 3 ኃይል ለመግዛት ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራርማለች። ከሳሽ መሆን የሚገባው ሰው ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። ከተከሳሹ ሱቅ በዱቤ የሚሸምት ከሳሽ በየትኛው አንደበቱ ይከስሳል?

በኬንያ በኩል ዝም ያላሉት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ናቸው። የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች የተባለ ማኅበር የራሱን መንግሥት ናይሮቢ ፍርድ ቤት ገተረው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ፍርድ ቤቱ የኬንያ መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር ስለሚያደርገው የኃይል ግዢ ያለውን መረጃ ለሕዝብ እንዲገልጥ፣ የሐይቁን ሀብትም እንዲጠብቅ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ዓሣ አጥማጁ ኢትዮጵያን ሊከስስ አልቻለም፤ የቻለው የራሱን መንግሥት መክሰስ ነው። መስመሩን ሊጠልፍ የሞከረው በዚያ በኩል ብቻ ነበር፤ ያገኘውም ሰነድ እንጂ ውኃ አይደለም።

ኬንያ ዝም ያለችበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ ይህኛው የእኔ ግምት ነው። በዓባይ ጉዳይ ኬንያ ከእኛ ጋር የላይኛው ተፋሰስ አገር ናት። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ የናይልን የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ሲፈርሙ ኬንያ ከቀናት በኋላ ተከተለች። የስምምነቱ ነፍስ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚለው መርሕ ነው። ግብፅ በአንጻሩ ጉልህ ጉዳት አታድርሱብኝ የሚለውን መርሕ ታስቀድማለች። ኬንያ በቱርካና ጉዳይ ቆማ ጉልህ ጉዳት ደረሰብኝ ብትል የግብፅን መከራከሪያ በራሷ አፍ ማጽደቋ ነበር።

እኛስ? እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ የጠየቀኝን በቀላሉ አልረሳውም። «ጋሼ፣ ታዲያ በኦሞ ላይ እኛ ግብፅ ነን ወይስ ኢትዮጵያ?» አለኝ። በኦሞ ላይ የላይኞቹ እኛው ነን፤ የታችኞቹም ከፊሎቹ እኛው ነን፤ ዳሰነችም ኛንጋቶምም ሙርሲም ኢትዮጵያውያን ናቸው። በዓባይ ላይ ለመቶ ዓመት ያህል የተናገርነው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. የ1929ኙና የ1959ኙ ውሎች ያለ እኛ የተፈረሙ ስለ ሆኑ አያስሩንም፤ ባለቤት ሳይጠራ የተከፋፈለ ርስት ነው። ነገር ግን በዓባይ ላይ «ሳትጠይቁን ተዋዋላችሁ» የሚል አፍ በኦሞ ላይ የዳሰነችን ገበሬ ሳይጠይቅ ሲዋዋል ጥቂት ሊያመው ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 ስለ ዓለም አቀፍ ወንዞች አጠቃቀም ስምምነት ሲያጸድቅ 103 አገሮች ደግፈው፣ ሦስት ተቃውመው፣ 27 ድምፅ አቅበዋል። ኢትዮጵያ ካቀቡት ናት፤ ግብፅም እንዲሁ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ነገር የተስማሙባት ዕለት ያቺ ሳትሆን አትቀርም። ከተቃወሙት ሦስቱ ቱርክና ቡሩንዲ ሲሆኑ ሦስተኛዋ ቻይና ነበረች። የቻይናን ነገር ወዲያው እመለስበታለሁ።

ሕጉ ጨርሶ አልሠራም የሚል ሰው አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል። የሠራው በዳኛ በኩል ሳይሆን በአበዳሪ በኩል ነው። ጊቤ 3 ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ኩባንያ ለሳሊኒ ሲሰጥ ነገሩ ከትልልቆቹ አበዳሪዎች የግዥ ደንብ ጋር ተጋጨ፤ የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥያቄም ታከለበት። የዓለም ባንክ ግድቡን አላበደረም፤ የአፍሪካ ልማት ባንክና የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክም ጉዳዩን ሲያጤኑ ቆይተው ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2010 የቻይና የኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ለተርባይኖቹና ለኤሌክትሪክ ዕቃው ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ። ሕጉ ግድቡን አላስቆመም፤ ግድቡ የሚሄድበትን በር ግን አስቀየረ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማ ሰው ይስቃል ወይ ያዝናል። ግድቡን ያላበደረው የዓለም ባንክ ሐምሌ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. የሶዶ–ሱስዋን መስመር ለመዘርጋት 684 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ 243 ሚሊዮኑ ለኢትዮጵያ፣ 441 ሚሊዮኑ ለኬንያ። ባንኩ መስመሩ ከአንድ ግድብ ጋር የታሰረ አይደለም፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ቋት የሚቀዳ ነው ብሎ ተከራከረ። በቴክኒክ ልክ ነው። እኛ የሶዶ ልጆች ግን ከየትኛው አቅጣጫ ሽቦው ወደ ጣቢያው እንደሚገባ በዐይናችን እናያለን።

የአበዳሪውን ክንድ ከጊቤ 3 ይልቅ አጉልቶ ያሳየው ዓባይ ነው። የዓለም ባንክ ስለ ዓለም አቀፍ ወንዞች ባወጣው 7.50 በተሰኘው መመሪያው ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ሥራ ሌሎቹ የተፋሰሱ አገሮች እንዲያውቁት ይጠይቃል፤ ተቃውሞ ሲነሣም ብድሩ ይጓተታል። ለዐሥርታት ኢትዮጵያ በዓባይ ላይ ትልቅ ሥራ ያልሠራችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአስተማሪውና በዘበኛው ደመወዝ፣ በቦንድ፣ በአርሶ አደሩ መዋጮ የተሠራው ለአገር ፍቅር ሲባል ብቻ አልነበረም። ባለፈው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የእናቴ ጎረቤት የቆየ የቦንድ ወረቀታቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳዩን። ያ ወረቀት የዓለም አቀፍ ሕግ ውጤት ነው ብላቸው እብድ ይሉኝ ነበር። ግን ነው። ሕጉ ኢትዮጵያን ከሥራው አላገዳትም፤ የገንዘቡን ምንጭ ወደ ራሷ ዜጎች ኪስ መራው።

እዚህ ላይ አንድ ምሁር ልጥራ። አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ሉዊስ ሄንኪን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ መንግሥታት በአብዛኛው፣ አብዛኛውን የዓለም አቀፍ ሕግ እንደሚያከብሩ ተከራክሮ ነበር። ፖስታ ይደርሳል፤ አውሮፕላን ያልፋል፤ ዲፕሎማት አይታሰርም። የሶዶ–ሱስዋ የኃይል ሽያጭ ውልም እንዲሁ ነው። ፖሊስ የለውም፤ ኃይሉ ግን ድንበር ይሻገራል፤ ሒሳቡ ይጠየቃል፤ ይከፈላል። ማንም በሕግ አምላክ አይልም፤ የሚልበትም ምክንያት የለም። ሄንኪን የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን ሕጉ በጸጥታ የሚሠራው ሁለቱም ጫፎች በሚፈልጉበት ቦታ ነው፤ የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ደግሞ ስለዚያኛው ቦታ አልነበረም።

እርሱ የጠየቀው አንደኛው ጫፍ በማይፈልግበት ጊዜ ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ይህን ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ከእኛ ጋር ነበር። ጣሊያን ወራሪ ተብላ ተፈርዶባታል፤ ማዕቀብም ተጥሎባታል። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልጨመረም፤ ስዊዝም አልተዘጋም፤ ከንግግሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ያም ማዕቀብ ተነሣ። ያንን ዕለት በቁጭት እንደምናስታውሰው ሁሉ ሚያዝያ 5 ቀን 1994ንም ማስታወስ ይገባናል። የኢትዮ–ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ሄግ ላይ ውሳኔውን ሲሰጥ መንግሥታችን በመጀመሪያው ቀን ባድመ ለእኛ ተሰጠች ብሎ ደስታውን ገለጠ። ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ሲታወቅ የመጨረሻና አስገዳጅ ብለን የፈረምንበት ፍርድ በአንድ ጊዜ ሊታረም የሚገባው ሆነ። «በመርሕ ደረጃ» ለመቀበል እስከ ኅዳር 1997፣ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ለማለት ደግሞ እስከ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ቆየን። በመካከሉ የተፈጸመውን፣ በኋላም የመጣውን ጦርነት እዚህ አልዘረዝረውም። በጄኔቭ የጮኸውም በሄግ ጆሮውን የደፈነውም አንድ አገር ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ፖሊስ ስላለው ሕግም ቢሆን ብዙ እንደማይመካ አውቃለሁ፤ የሶዶ ልጅ ነውና። ሕገ መንግሥቱ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 አንድ ብሔር የራሱን ክልል ሲጠይቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል ይላል። የወላይታ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አቀረበ። ዓመቱ አለፈ። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎችና ሌሎች ሰዎች ሶዶ ከስብሰባ ላይ ታሰሩ፤ በተከተለው ተቃውሞ በሶዶና በቦዲቲ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። ሕዝበ ውሳኔው የመጣው በጥር 2015 ነው፤ ያውም ለብቻ ክልል ሳይሆን ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር ለጋራ ክልል። የወላይታው ውጤት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደ ገና ተሰጠ። ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ናት። ይህን ሁሉ ያመጣሁት የክልል ክርክር ለመክፈት አይደለም። ፖሊስ ያለው ሕግ አንድ ዓመት ሲል አራት ዓመት እንደሚሆን፣ ፖሊሱም የቀነ ገደቡ ጠባቂ ሆኖ እንደማይመጣ ያየ ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ ክብደት ለማሳየት ነው።

ወደ ውኃው ልመለስ። ጊቤ 3 መሙላት ከጀመረበት ከ2015 መባቻ አንሥቶ (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) በሁለት ዓመት ውስጥ የቱርካና ሐይቅ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ማለቱ ተዘግቧል። ከዚያ ግን ዝናብ በዛ፤ ሐይቁ ተመልሶ ከፍ አለ፤ ባለፉት ዓመታት እንዲያውም ዳርቻውን አልፎ በኬንያም በዳሰነችም መንደሮችን አጥለቅልቋል። ይደርቃል ብለው የተነበዩት ተሳሳቱ ማለት ነው? ስለ ሐይቁ፣ እስካሁን፣ አዎ። ስለ ታችኛው ኦሞ ግን የተፈራው ደርሷል። የዚያ አገር ሰው የሚዘራው ዓመታዊው ጎርፍ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር፤ ማሽላው የሚበቅለው በጎርፍ ነው። የግድቡ የተጽዕኖ ጥናት በየዓመቱ ለዐሥር ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ቃል ገብቶ ነበር። ጎርፉ በጠበቁት ጊዜና መጠን አለመምጣቱን የአካባቢው ሰዎች የተናገሩባቸው ዘገባዎች ብዙ ናቸው። ያ ቃል በየትኛውም ውል ውስጥ የለም። የ25 ዓመቱ ውል ሜጋ ዋቱንና ሳንቲሙን እስከ ነጥቡ ድረስ ይቆጥራል፤ የማሽላውን ጎርፍ የሚቆጥር ወረቀት ግን በሁለቱ አገሮች መካከል አልተፈረመም። በኦሞና በቱርካና ውኃ ላይ ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚያስር ስምምነት እስከ ዛሬ የለም።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ርእሱን አገኘ፤ በአንቀጽ 6 ንኡስ አንቀጽ 3 ላይ ሊጽፍ ነው። የአንቀጹን አማርኛ ስጠኝ አለኝ። ፈለግን፤ ሙሉ ቃሉን በአማርኛ ታትሞ አላገኘነውም። ስለዚህ በእናቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ስኒዎቹን ገፋ አድርገን፣ ራሳችን መተርጎም ጀመርን። ችግሩ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። እርሱ «በሌላ አባል አገር ግዛት ያለን ቅርስ ሆን ብሎ የሚጎዳ እርምጃ ላለመውሰድ» ብሎ ጻፈ። እኔ «ሆን ብሎ» ያለ ቦታው ገብቷል አልኩት፤ «ቅርስን ሊጎዳ የሚችል እርምጃ ሆን ብሎ ላለመውሰድ» መባል አለበት ብዬ ሰረዝኩት።

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። በእርሱ አተረጓጎም ኢትዮጵያ ነፃ ናት፤ ቱርካናን ለመጉዳት ብሎ ግድብ የሠራ ማንም የለም። በእኔ አተረጓጎም ግን አይደለችም፤ ግድቡ ሆን ተብሎ የተሠራ ነውና፣ ሊጎዳ መቻሉም አስቀድሞ ተነግሯልና። «ጋሼ፣ አንተ ለማን ነው የምትተረጉመው?» አለኝ። እንግሊዝኛውን ደግመን አነበብነው፤ ከዚያ ፈረንሳይኛውን ከስልኩ አውጥቶ እኩል በማናውቀው ቋንቋ ቃሏን ለየብቻችን ስንመረምር እናቴ መጥታ ጠረጴዛውን ልታነሣ እንደምትፈልግ ነገረችን። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ሁለቱም አማርኛ በላዩ ላይ አለ።